ያለ ካርቶን የታሰረ ብሎን

ሰውየውን ካርቶን የሚሉት ስም አጥቶ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው፤ ግን ላፕቶፕ ጠጋኝ ሆኖ ከፎቶ ኮፒ ቤቱና ከጫማ መሸጫው መሃል በተሸጎጠችው ጠባብ ሱቅ ከተቀመጠ ወዲህ ያን ስም የሚያስታውሰው የለም። ሚስቱ እንኳ በዚያ ስም የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ላፕቶፕ ሲከፈት ከሆዱ የሚወጣው ብሎን ብዛቱ ጉድ ያሰኛል፤ ሁሉም ደግሞ እኩል አይደለም። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ረዘም ይላል፣ አንዱ አናቱ ሰፊ ነው። ሌላው ጠጋኝ ሁሉንም አንድ ላይ ያፈስና ሲገጥም በግምት ይመልሳል፤ ጥቂት ቢተርፈውም «ይሄ ድሮም ትርፍ ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ካርቶን እንዲህ ያለ ሥራ አያውቅም። ከጫማ መሸጫው ባዶ ካርቶን ይለምንና ክዳኑ ላይ የላፕቶፑን ጀርባ በእስክሪብቶ ይስላል። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን ሲፈታ ሥዕሉ ላይ በወጣበት ቦታ ወግቶ ይሰካዋል። ሥራው እስኪያልቅ ብሎኑ ሁሉ በየቤቱ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጫማ ሻጩ፣ «እኔ እኮ ጫማ የምሸጠው ላንተ ካርቶን ለማትረፍ ነው» እያለ ይቀልድበታል። ካርቶን አይሰማም። ሥራ ልማር ብሎ የመጣውንም፣ ቻርጀር ሊገዛ የገባውንም፣ የሰፈሩን ጠጋኝ ሁሉ ይሰብካል። «ብሎን ቤት አለው» ይላል። «ቤቱን ካሳትከው ቤት ያፈርሳል።» ይህን ሲል ድምፁ ላይ ትንሽ ኩራት አለች። ኩራት ደግሞ፣ መቼም ታውቋታላችሁ፣ ለማንም በጎ ውላ አታውቅም።

ካርቶን ከሚኖርበት ፎቅ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ሾፌሩ ይኖራሉ። ሾፌሩ ስላልኩ ዛሬም የሚነዱ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሩቅ መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ነው፤ ጡረታቸው ሳይደርስ ግን ዓይናቸው ከዳቸው። ፊት ለፊት እንደ ንስር ያያሉ፤ ግራና ቀኙ ግን ቀስ በቀስ እየጠበበ ሄዶ ግድግዳ ሆነባቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ ከእንግዲህ መሪ አይጨብጡም አላቸው። መንጃ ፈቃዳቸውን ያስረከቡ ዕለት ቤት ገብተው የመኪና ቁልፍ ይሰቅሉበት የነበረውን ምስማር ከግድግዳው ነቀሉት። ሚስታቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ ምስማሩ ምን አደረገህ ብለው ቢጠይቋቸው ምስማሩን ኪሳቸው ከተው ተቀመጡ።

ከዚያ ሐዘን ያወጣቸው የልጃቸው ላፕቶፕ ነው። ልጁ አግብቶ ሌላ ከተማ ሲገባ የጎረምሳነቱን የጌም ላፕቶፕ ትቶላቸው ሄደ፤ እንደ ጡብ የወፈረ፣ ሲበራ ቁልፎቹ ሥር ቀይ መብራት የሚለኮስ፣ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ዕቃ ነው። አብሮት የሚሰካ መሪና ፔዳልም ነበረው። ውስጡ ያለው ጨዋታ ከባድ መኪና መንዳት ነው፤ ጭነት ትቀበላለህ፣ ተራራ ወጥተህ ወርደህ፣ ከተማ አቋርጠህ ታደርሳለህ። ልጁ ያሳያቸው ለቀልድ ነበር። ሾፌሩ ግን አልቀለዱም። ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ወንበራቸውን ወደፊት ሳብ አደረጉ፣ ስፖኪዮውን አስተካከሉና ሞተሩን አስነሱ። እትዬ ያን ቀን ኩሽና ገብተው እንዳለቀሱ ኋላ ለካርቶን ሚስት ነግረዋታል።

ከሾፌሩ ወንበር በስተቀኝ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች። የረዳት ወንበር ናት፤ ረዳቱም ካርቶን ነው። ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። የስክሪኑ ዳርና ዳር ለሾፌሩ አይታያቸውም፤ ስፖኪዮዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ነው። ስለዚህ ካርቶን ያይላቸዋል። «ከቀኝ ነፃ ነው፣ ጋሼ» ሲላቸው ይታጠፋሉ፤ ቆይ ሲላቸው ይቆማሉ። አንገታቸውን እንኳ አያዞሩም። አንድ ቀን እንደዋዛ፣ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያመኑት ረዳት እንደሌለ፣ እሱን ግን ዓይናቸው እንዳደረጉት ነገሩት። ካርቶን በዚህ ቃል ደረቱ ተነፍቶ ከረመ።

ታዲያ ላፕቶፑ አረጀ። ጨዋታው ይንቀረፈፍ ጀመር። በጨዋታው ውስጥ ዝናብ ከዘነበ መኪናው እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው፤ ተራራ ላይ ጩኸቱ እትዬን ከኩሽና ያስወጣቸዋል። አንድ ጠዋት ሾፌሩ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ካርቶን ሱቅ ደረሱ።

አስበውበት ነው የመጡት። የአውቶቡስ ሞተር ሲደክም ይወርድና ጉልበቱ የበረታ ሌላ ይጫንበታል፤ አካሉ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ጉልበቱ አዲስ። ማዘርቦርድ የሚሉትስ የዚህ ዕቃ ሞተሩ አይደለም? እሱን አውርዶ ዘመናዊውን መጫን አይቻልም ወይ? ይህን ሲጠይቁ ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ።

ካርቶን ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቀው። ወንበር ሰጥቶ አስረዳቸው። በላፕቶፕ እንዲህ አይሆንም። የአንዱ ማዘርቦርድ ለሌላው አይገጥምም፤ የብሎን ቀዳዳው፣ የገመድ መሰኪያው፣ የማራገቢያው ቦታ ሁሉ ለዚያች አካል ብቻ ተለክቶ የተሠራ ነው። አንጎሉ የሚባለው ፕሮሰሰርም፣ ሥዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድም ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው፤ ነቅለህ የተሻለ አትተክልም። ቢገኝ ቢገኝ የሚገኘው ያው የራሱ ዓይነት ነው፤ የራሱ ዓይነት ደግሞ እንደሱ ያረጀ፣ ከሌላ ሬሳ የወጣ ነው።

«ጋሼ፣ ለሽማግሌ የሌላ ሽማግሌ ልብ መትከል ማለት ነው» አላቸው። «አያዋጣም።»

ሽማግሌ ማለቱ ወዲያው ቆጨው፤ ሾፌሩ ግን ከልባቸው ሳቁ። ካርቶንም ቀጠለ። በሽታው ቦርዱ ሳይሆን አቧራ ነው። ማራገቢያው ታፍኗል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ቅባትም ደርቋል። እሱን ጠርጎ፣ ቅባቱን ቀይሮ፣ ሚሞሪ ቢጨምርበት ገና ብዙ ጭነት ያደርሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። በዚያች ሰዓት ከእውነት በቀር አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ኋላ ያቺን ሰዓት እያስታወሰ ይቀናባት ነበር።

ሾፌሩ ሲወጡ ካርቶን ላፕቶፑን ገለበጠው። የጫማ ካርቶኑ ክዳን ከጎኑ አለ፣ እስክሪብቶውም አለ። አልሳለም። ምን ያስቸኩለው ነበር ብትሉ፣ ምንም! ሱቁ ባዶ ነው፣ ቀኑ ገና ነው። ግን ያን ላፕቶፕ ስንት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶታል፤ እንደ ኪሱ ያውቀዋል፤ ለሚያውቁት ነገር ሥዕል ምን ያደርጋል? ብሎኖቹን እንደ ማንም ጠጋኝ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አፈሰሳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኮራችው ምን እንደምትባል እንጃ።

ጠረገ፣ ቅባቱን ቀየረ፣ ሚሞሪውን ጨመረና ቦርዱን ወደ ቦታው መልሶ ብሎን ማሰር ጀመረ። ማቀዝቀዣው አጠገብ አንዱ ብሎን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ትንሽ እምቢ አለ። እጁ አወቀ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያ እጅ ስንቱን የፈታና ያሰረ እጅ ነው፣ አውቋል። ካቻቢቴውን ለአፍታ ያዝ አደረገ። ከዚያ «ግባ አንተ» ብሎ ትንሽ ጨመረበት።

ሲያበራው አልበራም። የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለች ቀጭን ሽታ ወጣች። ፈታው። ያ ብሎን የስክሪኑ ማጠፊያ ብሎን ነበር፣ ረዥሙ፤ በአጭሩ ቀዳዳ ገብቶ ቦርዱን ወግቶታል። ቁስሉ መርፌ የነካው ያህል ነው። ግን ማዘርቦርድ እንደ መጽሐፍ ብዙ ቅጠል አለው፤ በየቅጠሉ መሃል የኤሌክትሪክ መንገድ ይሄዳል። ብሎኑ ቅጠሎቹን በስቶ የማይገናኘውን አገናኝቶ ፕሮሰሰሩን ገድሎታል። ካርቶን በማይክሮስኮፑ አየው፣ ዓይኑን ጠርጎ ደግሞ አየው። የገዛ ስብከቱ ጆሮው ላይ ጮኸበት።

ሊነግራቸው ነበር። አልዋሻችሁም፣ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ ጋሼ ጥፋት አጥፍቻለሁ ብሎ ሊጀምር። ሾፌሩ ግን አላስችል ብሏቸው ከተባሉበት ሰዓት ቀድመው ፈገግ እንዳሉ ብቅ አሉ። ፊቱን አዩትና ፈገግታቸው ቆመ።

«ሞተ?» አሉ።

«ማዘርቦርዱ ሄዷል፣ ጋሼ።»

«በሙቀት ነው፣ አይደል?»

ካርቶን አንገቱን በአዎንታ ዝቅ አደረገ። ይኸው ነው። ምላሱ አልዋሸም፤ አንገቱ ነው የዋሸው። ሰው ለራሱ ሲፈርድ እንዲህ ያለውን ነገር ይቆጥራል።

በዚህ ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር። ሾፌሩ ግን ቀስ ብለው ተቀመጡና ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ላፕቶፑን ወደ ሱቁ ባመጡበት ቀን ዋዜማ፣ ብረት ጭነው ተራራ ሲወጡ ማሽኑ ሲጮህ እንደነበር፣ ጠረጴዛው ሳይቀር እንደሞቀ ነገሩት። እትዬ ይበቃል አጥፋው ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ከተራራው ማዶ ያለችውን ከተማ ካልደረስኩ ብለው ነዱ።

«በሥራ ዘመኔ አንድ ሞተር አቃጥያለሁ» አሉት። «የሙቀቱ መርፌ ቀይ ውስጥ ገብቶ እያየሁት፣ ተሳፋሪው ቸኩሏል ብዬ ነዳሁ። ሁለተኛ እንዲህ አላደርግም ብዬ ምዬ ነበር። ይኸው፣ ይሄንንም እኔው ገደልኩት።»

ካርቶን ማለት የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርስዎ አይደሉም። እሱ ግን «ያረጀ ነገር ነው፣ አይዘኑ» አላቸው። ደግሞ ሻይ አዘዘላቸው፤ ሻይ! ሾፌሩ ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ላፕቶፑን እዚያው ትተው ሄዱ። ፎጣቸውን ብቻ በጥንቃቄ አጣጥፈው ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ካርቶን ደረጃውን ሲወጣ የሾፌሩን በር እንደ ሌባ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ማለፍ ጀመረ። ረዥሙን ብሎን በሸሚዝ ኪሱ ይዞታል፤ ለምን እንደያዘው እሱም አያውቅም። ለራሱ ጠበቃ እየቆመ ይከራከራል። ዕቃው ለማንኛውም ያረጀ ነው፣ ዛሬ ባይሞት ነገ ይሞት ነበር። ደግሞስ በሙቀት ነው ያሉት ማን ናቸው? ራሳቸው አይደሉ? እንዲህ እያለ ይቆይና ያቺን «ግባ አንተ» ሲያስታውሳት ጠበቃው ተነስቶ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥም ስብከቱን ተወ። ጫማ ሻጩ ካርቶን ይዞለት ቢመጣ፣ አስቀምጠው ብሎ ፊቱን አዞረ። ጫማ ሻጩም ሰውዬው ታሟል ብሎ ለሰፈሩ አወራ።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ከሾፌሩ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሾፌሩ ግድግዳውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ኮፍያ የለም። ካርቶን ምን እንደሚል ሲጨንቀው ቀድመው ትከሻውን ነካ አደረጉት። በኔ ጥፋት አንተም አዝነሃል፣ ከእኛ ቤትም ቀረህ፣ እንግዲህ ተወው፣ የሰው ነፍስ አልጠፋም አሉት። እሱን ሊያጽናኑት ነው! ካርቶን «እሺ ጋሼ» ብሎ አለፈ። ቤቱ ሲደርስ እጁን ታጠበ፤ የቆሸሸ ነገር ግን አልነበረውም።

በማግሥቱ እትዬ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሱቁ መጡ። ሾፌሩ መሪውን ከጠረጴዛው ነቅለው፣ ከፔዳሉ ጋር አሽገው አልጋ ሥር ከተውታል። ልጃቸው ደውሎ ሌላ ልላክልህ ቢላቸው፣ ሌላም ልታስገድለኝ ነው ብለው እምቢ አሉ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ፤ ከመስኮቱ ደግሞ የሚያዩት የመንገዱን እኩሌታ ብቻ ነው። እትዬ ይህን ሁሉ ሲናገሩ የዘንቢላቸውን ጆሮ ያሻሹ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉት። «የሞተ ቀን፣ ይኸው ነግሬህ ነበር አልኩት። አንዴ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።»

እንግዲህ እዩት! አንዲት ብሎን፣ አንድ ጥፋተኛ፤ ተሸካሚው ግን ሦስት ሆነ። ካርቶን ለእትዬ የመለሰላቸው፣ እስቲ አያለሁ የሚል ብቻ ነበር። እትዬ መርቀውት ሄዱ። ያ ምርቃት ከስድብ የባሰ ነገር ሆኖ ልቡ ላይ ተቀመጠ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተጣመመ ስፌት ከሩቅ ታያለች። ራት ሰጥታው አለመብላቱን አየችና እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው። ያኔ ሁሉንም ዘረገፈላት። አልተቆጣችም። ታዲያ አንድ ደረጃ ወርደህ ንገራቸዋ፣ አለችው። ካርቶን መጀመሪያ ልሥራው አለ፤ ሠርቶ ካበራው በኋላ መናገሩ ላያስፈልግ ይችላል። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ቄራ የሚሉት ሌላ ጠጋኝ አለ። የሞቱ ላፕቶፖችን እየሰበሰበ ይበልታል፤ ሱቁ ውስጥ ስክሪን፣ ማጠፊያ፣ የቁልፍ ሰሌዳ በየመንጠቆው ተንጠልጥሏል፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ካርቶን የሚፈልገውን ሲነግረው ቄራ ከት ብሎ ሳቀ። ስክሪኑ የተሰበረ ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ አለው፣ ቦርዱም ደህና ነው። ግን ምን ያደርግልሃል? ያገለገለ የጌም ቦርድ ሲነድ የኖረ ነው፣ ዕድሜው አይታወቅም፣ ዋስትና የለውም። አዲስ ከሚወጡት መናኛው እንኳ ከሱ ይፈጥናል። የስክሪኑም የባትሪውም እርጅና ባለበት ነው፤ ቦርዱን ብትቀይር ነገ ባትሪው ያለቅሳል፣ ከነገ ወዲያ ማጠፊያው። የሰው ዕቃ ከሆነ ተወው በለው፣ የራስህ ከሆነ ደግሞ አብደሃል አለው።

«ሁሉም ልክ ነው» አለ ካርቶን። «ስጠኝ።»

ቄራ ሰው ሲቸግረው ያውቃል። ገንዘብ አልጠየቀውም፤ የጠየቀው ማይክሮስኮፑን ነው። ያቺ ማይክሮስኮፕ የካርቶን ሁለተኛ ዓይኑ ናት፤ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክል ነገር የሚበይደው በሷ ነው። አልተከራከረም፣ ሄዶ አመጣለት። ሲመለስ የሆነ ነገር ቀለል አለው፤ ሰው ጥፋቱን በዕቃ የከፈለ ሲመስለው እንዲህ ይቀለዋል።

ያን ቀን ካርቶን ክዳኑ ላይ የላፕቶፑን ጀርባ በጥንቃቄ ሳለ። ብሎኑን አንድ በአንድ ወግቶ ሰካ፤ ሲመልስም አንድ በአንድ ከሥዕሉ እየነቀለ፣ ብሎኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆም እያለ እጁን እየጠየቀ አሰረ። በራ። ቀዩ መብራት ተለኮሰ። የጨዋታው መረጃ ያለበት ዲስክ ስላልተነካ ሁሉም እንደነበረ ነው፤ ብረት የጫነው የሾፌሩ መኪና ከተራራው ማዶ፣ ካልደረስኩ ባሏት ከተማ መግቢያ ላይ ቆሟል። ደርሰው ነበር ለካ።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን አቅፎ የሾፌሩን በር አንኳኳ። እትዬ ከፍተው የያዘውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ካርቶን ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ አበራውና በግድ ፈገግ አለ። ሾፌሩ ከመስኮቱ ዞረው ቀዩን መብራት አዩት። አልነኩትም። ልጄ ነው ያሠራው ብለው ጠየቁ። ካርቶን እኔው ነኝ፣ ቦርዱን ቀየርኩት አለ። ሾፌሩ መጥተው ከጠረጴዛው ማዶ ቆሙ።

«ሞተር ያቃጠለ ሾፌር ሌላ ሞተር አይሰጠውም» አሉ። «ደግሞ አያዋጣም ያልከኝ አንተ ራስህ ነህ። የሽማግሌ ልብ ለሽማግሌ። አሁን ምን ተገኝቶ አዋጣ?»

ካርቶን ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ውሸት አዘጋጅቶ ነበር፤ ቄራ የሚሉት ወዳጄ በነፃ ሰጠኝ ሊል። አፉን ከፈተ። እትዬ የኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። ሾፌሩ ፊት ለፊት እያዩት ነው፤ በዚያ በኩል ዓይናቸው ምንም አልጎደለውም። ካርቶን አፉን ዘጋ። ከሸሚዝ ኪሱ ብሎኑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሙቀት አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የገደልኩት። ይሄ ረዥሙ ብሎን ነው፤ በአጭሩ ቀዳዳ አሰርኩት። ካርቶን አልሳልኩም ነበር። እምቢ ሲል እጄ አውቆ ነበር፣ እኔ ጨመርኩበት።»

ሾፌሩ ብሎኑን በጣታቸው አንስተው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። አገላበጡት። ስለ ላፕቶፑ አንድም ነገር አልጠየቁም።

«እኔ ገደልኩት ስልህ ሻይ አዘዝክልኝ» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ደረጃው ላይ ሳጽናናህም ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«እሷስ? ነግራኛለች፤ ሱቅህ ድረስ መጥታ ጥፋቱ የኔ ነው ስትልህ?»

ካርቶን ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። አፍሮ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮ ሳይቀር ይግላል። እትዬ ወደ መኝታ ቤት ገቡ፤ የአልጋው ሥር ዕቃ ሲጎተት ተሰማ፤ መሪውን ታቅፈው ወጡ። ኮፍያውን ከላዩ አድርገውታል።

ሾፌሩ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ለካርቶን በተሻለው ነበር። መሪውን ጠረጴዛው ላይ አጠበቁ፣ ፔዳሉን በእግራቸው እየፈለጉ አስተካከሉ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ። ሞተሩን አስነሱ። ካርቶን ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አሳፈረው። እንደ ልማዱ ወደ ረዳቷ ወንበር ጠጋ አለ። ሾፌሩ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ አጠገባቸው የነበረውን ያን የታጠፈ ፎጣ አንስተው ወንበሯ ላይ አስቀመጡት።

«ሞልቷል» አሉ።

ውጣ ግን አላሉትም። ካርቶን የባዶዋን ወንበር መደገፊያ ይዞ ከኋላቸው ቆመ። «ቆሜም ቢሆን እሄዳለሁ፣ ጋሼ» አለ። ሾፌሩ ፔዳሉን ረገጡ። መኪናው ቀስ ብሎ ከከተማዋ መግቢያ ተነሳ። አዲሱ ቦርድ ያው እንደ አሮጌው ነው፤ አልፈጠነም፣ ቢሆንም ይሄዳል፣ ማራገቢያውም ዝግ ብሎ ነው የሚጮኸው።

መስቀለኛ መንገድ ደረሱ። ሾፌሩ ወደ ቀኝ ሊታጠፉ ፍሬቻ አበሩ። ካርቶን ስፖኪዮውን አየ፣ እንዳይሳሳት ደግሞ አየ። ባዶ ነው።

«ከቀኝ ነፃ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ሾፌሩ ፍሬን ያዙ። አንገታቸውን ቀስ ብለው አዞሩና ፊታቸውን ስክሪኑ ዳር እስኪደርስ አስጠግተው የቀኙን ስፖኪዮ ራሳቸው አዩ። ከኋላ የመጣ መኪና ጡሩምባ ነፋባቸው። አንዴ ደግመው አዩና ታጠፉ። ካርቶን የሚቀጥለው መስቀለኛ እስኪመጣ የወንበሯን መደገፊያ እንደያዘ ቆመ።